ጀጎልን በሙዳይ ያስቀመጥሁበት ሳምንት

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ራሴ አንድ ነገር ላሳውቅ፤ እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ጃንጥላ እይዛለሁ። ወንበር ላይ ከመቀመጤ በፊት እግሩን እነቀንቃለሁ። የቤቴን በር ቆልፌ ከሄድሁ በኋላ ተመልሼ መቆለፉን አረጋግጣለሁ፤ ካረጋገጥሁ በኋላም ማረጋገጤን እጠራጠራለሁ። ባለቤቴ «ሞት እንኳ ወደ አንተ የሚመጣ ለት መታወቂያ ሳያሳይ አታስገባውም» ትለኛለች። እንዲህ ያለ ሰው አደጋ አያገኘውም ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ግዴለሽን ሰው አደጋ መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ጠንቃቃውን ግን ቤቱ ድረስ መጥቶ ይጠብቀዋል።

የምነግራችሁ ነገር የሆነበትን ዓመት በእርግጠኝነት አልናገርም። ሚሌኒየሙን ካከበርን በኋላ ይመስለኛል። ባለቤቴ «ከዚያ በፊት ነው» ትላለች፤ በትዳራችን ልማድ መሠረት ትክክሉ የእርሷ ሳይሆን አይቀርም። በዚያን ጊዜ ከሐረር በር ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ጡረታዬ ከከተማው ጥግ እንዳለው ተራራ፣ እንደ ሐኪም ጋራ፣ በመስኮት ልትታየኝ ጀምራለች፤ ስትታይ ቅርብ ናት፣ ሲሄዱባት ግን ታደክማለች። ኮምፒውተሮቹ ትምህርት ቤታችን የደረሱት እንግዲህ ያን ጊዜ ነው።

የተሰጣቸው ክፍል ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ያላነሰ ክብር ነበረው። ጫማ በደጅ ይወልቃል። መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተጋረደ። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ዳር ዳሩ ዳንቴል የሆነ ልብስ ተሰፋለት፤ ከተማሪዎቻችን መካከል እንደዚያ ያማረበት አልነበረም። የክፍሉ ጠባቂ ከድር የሚባል ሰው ነው። ከድር አቧራን እንደ ግል ጠላቱ የሚያይ፣ አንድ ተማሪ ቢያስነጥስ ክፍሉን በሙሉ የሚያስወጣ ጻድቅ ነበር። ፍላሽ ዲስክ ይዞ መግባት ጨርሶ ክልክል ነው። «ቫይረስ ያስገባል» ይላል፤ እንዲህ ሲል እጁን በመሐረብ ይጠርጋል።

ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ «የሐረርን የዓመት ዝናብ በኮምፒውተር በሠንጠረዥ ሠርታችሁ አሳዩኝ» የሚል ሥራ ሰጠሁ። ሁሉም ሠሩ። ኢክራም የምትባል የጀጎል ልጅና ጓደኛዋ ናትናኤል ግን ቀኑ አልፎም አላሳዩኝም። ኋላ ጠሩኝና ከስክሪኑ ፊት አቆሙኝ። ቁጥር የለም፣ ወር የለም፣ ሚሊሜትር የለም። በስክሪኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ ነጠብጣብ ፈስሷል።

«ዝናቡስ?» አልሁ።

«ዝናቡ ደርቋል መምህር» አለ ናትናኤል።

ልቆጣ አፌን ስከፍት ኢክራም ቀደመችኝ። «ጀጎል ነው መምህር። አክስቴ ሰፌድ ስትሰፋ መጀመሪያ ስፌቱን ትቆጥራለች፤ ከዚያ ቀለሙን ታስገባለች። የሠንጠረዡን ሣጥኖች አጥብበን አጥብበን እንደ ስፌት አደረግናቸው። አንድ ሣጥን አንድ ስፌት። ይኸው ግንቡ፣ ይኸው በሮቹ፣ ይኸው ገበያው ጊደር መጋላ።»

መነጽሬን ጠርጌ ዳግመኛ አየሁ። እውነትም ጀጎል ነው! ሰው ትከሻውን አጥፎ የሚያልፍባቸው መንገዶች ሳይቀሩ በየቦታቸው አሉ። ማውሱ አንድ ቤት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ቢጫ ብጣሽ ብቅ ትልና ስለዚያ ቤት ትናገራለች። አንዷ «እዚህ ቤት አያትየው ሲያስነጥሱ ሰፈሩ በሙሉ የርሐሙከላህ ይላል» ትላለች። ሌላዋ «ይህች መንገድ ጠባብ ናት፤ የተኳረፉ ሰዎች ከተገናኙባት ወይ ይታረቃሉ ወይ አንደኛው ወደ ኋላ ይመለሳል» ትላለች። ዕድሜዬን ሙሉ ካርታ ሳስነብብ ኖሬአለሁ፤ ሰው የሚያስነጥስበት ካርታ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ዝናቡን ማርሁላቸው።

ርእሰ መምህራችን አቶ ግርማ አልማሩላቸውም። በካልሲያቸው ገብተው ቀለሙን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን ጨዋታ ነው ይሄ?»

«ጨዋታ አይደለም፣ ካርታ ነው» አልሁ።

«ካርታ ጨዋታ ነዋ!» አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰኞ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ። ኮምፒውተሩ ለተማሪ ምን ፈየደ ብለው ይጠይቁኛል። ፍሬ ካላዩ ማክሰኞ ይህ ክፍል የጽሕፈት ቢሮ ይሆናል፤ ተማሪም አይገባበትም» አሉ።

ኢክራም እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። ቤቷ ኮምፒውተር የለም፤ በኢንተርኔት ቤት ደጃፍ ደግሞ አባቷ አያሳልፏትም። ይህ ክፍል ከተዘጋ ለእርሷ ነገሩ በዚያው አለቀ ማለት ነው። እኔም፣ በምን ድፍረት እንደ ሆነ ዛሬ ሳስበው አይገባኝም፣ «ሰኞ ይህንኑ ካርታ ያዩታል፤ ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን» አልሁ።

ኃላፊነት ጠንቃቃን ሰው እንቅልፍ ይነሣዋል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ (ሐሙስ መሆን አለበት፤ ማግስቱ ዓርብ ነበርና) ከድርን አስፈቅጄ ብቻዬን ገባሁ። የልጆቹ ሥራ ከስክሪኑ መካከል ደጅ እንደ ተሰጣ እህል ተቀምጧል። ዘጠነኛ ክፍሎች ቢገቡና ቢነኩትስ? አንዱ ባለጌ የአያትየውን ማስነጠስ ቢለውጠውስ? የምሸሽግበት ቦታ ስፈልግ ከስክሪኑ ጥግ አንዲት ቅርጫት አየሁ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ይፍረድልኝ። በሐረር ያደገ ሰው ቅርጫት አይንቅም። የሐረሪ ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት የተሸለመ ነው፤ የቤቱ ክብር እርሱ ነው። ባለቤቴም ብትሆን የጆሮ ጌጧንና የእኔን ዲግሪ የምታኖረው በአንዲት ሙዳይ ውስጥ ነው። በእኛ አገር የሚጣል ነገር መሬት ላይ ይጣላል፤ በስፌት ውስጥ የሚገባ ግን የተወደደ ነው። ከቅርጫቷ ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም አንብቤአለሁ፤ ዑደትን የሚያነሣ ስም ነው። እኔ ደግሞ ከባሕር የወጣ ውሃ ወደ ባሕር ይመለሳል እያልሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እንግዲያው በዚህች የገባ ሁሉ ተመልሶ ይወጣል ብዬ ደመደምሁ። አያችሁ፣ ያልተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ አይነካትም ነበር።

ጀጎልን በማውስ ይዤ እየጎተትሁ ወሰድሁት። መንገድ ላይ አመለጠኝ፤ መልሼ ያዝሁት። ቅርጫቷ ውስጥ ልጨምረው ስል ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ደስታዬን አልደብቅም። ምድጃ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም፤ መኪና አይጠይቅም፤ ሰውም ቢሆን እምብዛም አይጠይቅ። በስተርጅና እንደ እኔ የሚጠነቀቅ ፍጡር አገኘሁ አልሁና «አዎን» ብዬ መለስሁለት። ልብሱን አለበስሁት፤ ዳንቴሉን አስተካከልሁ። ያን ቀን እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ዓርብ ረፋድ፣ ለጁምዓ ትምህርቱ ቀደም ብሎ ሲለቀቅ፣ ኢክራምን በደጃፍ ጠራኋት።

«ስለ ሥራችሁ አትስጉ። ከዘጠነኛ ክፍሎች ሸሽጌዋለሁ።»

«የት መምህር?»

«ጥግ ካለችው ቅርጫት ውስጥ። ክዳን የላትም እንጂ ሙዳይ በሏት።»

ቆም አለች። «የቷ ቅርጫት? ስክሪኑ ላይ ያለችው?»

«እርሷው።»

«ያ ረቢ! መምህር፣ እሷ እኮ ቆሻሻ መጣያ ናት!»

«ኮምፒውተር ደግሞ ምን ቆሻሻ አለው? ጫማ አውልቀን አይደለም እንዴ የምንገባው?»

ናትናኤል «አይዞሽ፣ ካልተደፋ እንመልሰዋለን» አላት። ወዲያው ግን እርሱም ደነገጠ። «ወሪያ! ዛሬ ዓርብ ነው!»

ዓርብ የከድር የጽዳት ቀን ነው። ለጁምዓ ከመውጣቱ በፊት ወለሉን ይወለውላል፣ መስኮቱን ይጠርጋል፣ ልብሶቹን ያጥባል፤ በመጨረሻም የኮምፒውተሮቹን ቆሻሻ ይደፋል። አንዴ ከተደፋ ደግሞ አይመለስም። ይህን ሁሉ ልጆቹ የነገሩኝ እየሮጥን ነው። ሌላ ቅጂም የለም፤ ፍላሽ ክልክል ነዋ!

ክፍሉ ተቆልፏል። የኮምፒውተሮቹ ልብሶች ከነዳንቴላቸው ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። «ልብሱን ያጠበ ገላውን ሳያጥብ ይቀራል?» ብዬ አሰብሁ።

ከድርን ፍለጋ ወደ ጀጎል ወረድን። ኢክራም መንገዱን በልቧ ታውቀዋለችና በየጠባቡ ሰንጥቃ ትሄዳለች፤ ናትናኤል ይከተላታል፤ እኔ ከነጃንጥላዬ እከተለዋለሁ። እንደ ጂኦግራፊ መምህርነቴ አንድ ነገር ልመስክር፦ ካርታ ላይ የጣት ርዝመት የሌለው መንገድ በሽማግሌ እግር ሌላ ነገር ነው። መስጊዱ ዘንድ ስንደርስ ሕዝቡ ሰግዶ በመውጣት ላይ ነበር። ሁሉም ነጭ ለብሷል፣ ሁሉም ኮፍያ አድርጓል፤ ሁሉም ከድር መሰለኝ። የአንዱን ትከሻ ያዝሁና «ከድር!» አልሁ።

ሰውየው ዞር አለ። ፊቱ እንግዳ ነው። «አቤት፣ ከድር ነኝ። የትኛውን ከድር ነው የፈለግኸው?»

«የኮምፒውተሩን።»

«እሱ ወደ መጋላ ሄደ። እኔ የልብስ ስፌቱ ነኝ» አለና ኮቴን ገረፍ አድርጎ አየ። «ብብቱ ተተርትሯል፤ ብቅ በል።»

ጊደር መጋላ ገባን። አዴ ሩቂያ የሚባሉ ቅመም ሻጭ አሉ፤ ባለቤቴ ደንበኛቸው ናት። የሐረር ሰው ወዳጁን «እርስዎ» አይልም፤ ካለ ተቀይሞ ነው።

«አንተ መምህር! በዚህ ዕድሜህ ምን ያስሮጥሃል? ሚስትህ አባረረችህ?»

«ከድርን አይተሽዋል?»

«ጁምዓ ከሰገዱ በኋላ ወንድ የት ይገኛል? ጫት ተራ ነዋ! ቆይ፣ ውሃ ጠጣ፣ ትሞትብኛለህ። ለእርድ ቅመሜ ጆንያ መክደኛ እንኳ አትሆንም፣ ቀጭን!»

ከድርን ያገኘነው አንድ እስር ጫት ወደ ፀሐይ ዘርግቶ እንደ ራጅ ሲመረምር ነው።

«ከድር፣ ደፋኸው?»

«አቦ መምህር! ሰላምታ አይቀድምም ወይ? እንዴት ዋልህ?»

ሐረር ውስጥ ቤት እየተቃጠለም ሰላምታ አይዘለልም። ደህና መዋሌን ነገርሁት። የባለቤቴን ደህንነት ነገርሁት። የልጆቼን፣ የልጅ ልጄን ሳል፣ የጉልበቴን ሁኔታ አንድ በአንድ አስረዳሁት፤ ከዚያም ስለ እርሱ እናት ጠየቅሁ፤ እናቱ ደግሞ ብዙ በሽታ ነበረባቸው። ኢክራም ከጎኔ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። በመጨረሻ፣ «ከድር፣ የኮምፒውተሩን ቆሻሻ ደፋኸው ወይ?» አልሁ።

«መብራት ጠፍቶ እንዴት ልደፋው? ከጧት ጀምሮ የለም።»

ለካስ መብራት የለም! የክፍላችን ፕላዝማ ቴሌቪዥን ከሞተች ቆይታለች፤ እኔም በጠመኔ ነው የማስተምረው፤ በምን ልወቅ? ስንት ጊዜ ያማረርሁትን የመብራት መጥፋት እዚያው ጫት ተራ መካከል ቆሜ መረቅሁት። ምርቃቴን ሳልጨርስ ከጎናችን ያለው ወፍጮ ቤት አጓራ። ቴፖች በአንድ ጊዜ መዝፈን ጀመሩ። ሰዉ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ከሐረር ሕዝብ መካከል መብራት ሲመጣ ያለቀስነው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

«ኧ...» አለ ከድር። «ቁልፉ አቶ ግርማ ጋ ነው። የሚጽፉት ደብዳቤ ነበራቸው። 'መብራት እንደ መጣ መጀመሪያ ቆሻሻውን ይድፉልኝ፤ ሰኞ እንግዳ አለብን' ብያቸዋለሁ። አደፋፉንም አሳይቻቸዋለሁ።»

ባጃጅ ተሳፈርን። ከሐረር በር ዘንድ እንጨት የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። ናትናኤል «ንዳው እንጂ!» ሲል ሾፌሩ በእርጋታ ዞሮ፣ «አህያ ላይ ልውጣ?» አለው። ተሰለፍን። አህዮቹ የሰኞ እንግዳ የለባቸውም፤ በራሳቸው ጊዜ ሄዱ።

የክፍሉ በር ክፍት ነው። እንደ ደረስን ኢክራም ጫማዋን ወርውራ ገባች። እኔ ክሩን ሁልጊዜ ደርቤ ነው የምቋጥረው፤ ብፈታው አይፈታም፤ ኋላ አንድ እግሬን ከነጫማው ይዤ እያነከስሁ ገባሁ። ከድር ቢያየኝ ኖሮ በዚያው እንጣላ ነበር።

አቶ ግርማ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ከስክሪኑ ፊት ተቀምጠዋል።

«ደግ መጡ መምህር። ይህ ዕቃ ጥያቄ ጠይቆኛል።»

አየሁ። «እነዚህን ሁሉ ለማጥፋት በእርግጥ ትፈልጋለህ?» ይላል።

«መቼ ነው የጠየቀዎት?»

«መብራት እንደ መጣ። እንግዲህ እኔ አዎ ብዬ ኋላ ማን ፈቀደልህ ብባልስ? ምን እንደሚጠፋ በዝርዝር አልቀረበልኝም። ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ቃለ ጉባኤ የለም። እንዲሁ ተያይተን ተቀምጠናል።»

ወዳጆቼ ሆይ፣ እኔ ያንኑ ለመሰለ ጥያቄ ሳላወላዳ «አዎን» ብዬ ነበር። አቶ ግርማ ግን ያለ ኮሚቴ የመኪና ጥሩንባ እንኳ አያስነፉም። በዚህ ጠባያቸው በመምህራን ማረፊያ ስንት ጊዜ አምተናቸዋል! የዚያን ዕለት ግን እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

«አይ ይበሉ!» አለች ኢክራም።

«አይ ለማለትስ ኮሚቴ አያሻም?»

«አያሻም!» ብላ ራሷ ተጫነችው። ቅርጫቷን ከፈተች፣ ፈለገች፣ አገኘች፣ መለሰች። ጀጎል ከነግንቡ፣ ከነበሮቹ፣ ከሚያስነጥሱት አያት ጋር በስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። እርሷ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ እኔ «ተመስገን» አልሁ፤ ናትናኤል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አቶ ግርማ ምን እንደ ተረፈ ሳይገባቸው ሦስታችንንም እያፈራረቁ አዩን።

ኢክራም ትንፋሿ ሲመለስ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ አይቀየሙኝና፣ ከእንግዲህ ማውሱን አይንኩብን።»

አልተቀየምሁም። ይልቁንም ከትከሻዬ ላይ ቀንበር የወረደልኝ መሰለኝ።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ። አለቃቸው ወይዘሮ ዘይነብ የሚባሉ፣ ሳቅ ያልፈጠረባቸው የሚመስሉ ሴት ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ቀለሙን አዩ። ማውሱን ከናትናኤል እጅ ተቀብለው በመንገዶቹ መካከል ቀስ እያሉ ሄዱ። አንድ ጠባብ መንገድ ገቡ፤ ታጠፉ፤ ቆሙ። ቢጫዋ ብጣሽ ብቅ አለች፦ «በዚህ ቤት ደጅ ሴቶች ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ያሙ ነበር ይባላል። ሐሜታቸው ግን ክፉ አልነበረም።»

አቶ ግርማ ሳሉ።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘይነብ።

«እኔ ነኝ» አለች ኢክራም፤ ድምፅዋ አይሰማም። «አክስቴ ነግራኝ ነው።»

«ስሕተት ነው።»

እኔ በልቤ የጽሕፈት ቢሮውን ጠረጴዛዎች መደርደር ጀምሬአለሁ።

«ክፉ ነበር እንጂ!» አሉ። «ይህ ቤታችን ነው። እናቴ እዚያ ተቀምጣ ሐሜቱ ክፉ አልነበረም ይባላል?» ከዚያም ሳቁ፤ የሳቁ ድንገተኛነት የራሳቸውን ባልደረቦች አስደነገጠ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ። «ደግሞ ከበሩ ፊት ለፊት ሾላ ነበረ። ጥላው ሥር ነበር የሚቀመጡት። ለምን የለም?»

«ተቆርጧል እኮ እትዬ» አለ ናትናኤል።

«መቆረጡን አውቃለሁ። እዚህ ላይ ማን ይቆርጠዋል? ትከሉት» አሉ። ወደ አቶ ግርማም ዞረው፣ «ክፍሉ ለተማሪ መቼ መቼ ነው የሚከፈተው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጉዳዩ በኮሚቴ...»

«በየቀኑ ይከፈት። ገና ስንት ዛፍ አለ።»

«ይከፈታል» አሉ አቶ ግርማ። ያለ ቃለ ጉባኤ!

ልጆቹ አልጮኹም። ኢክራም ብቻ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ከዚያ ወንበሩን ጎተተችና ወደ እኔ ተመለከተች።

«መምህር፣ ሾላውን እርስዎ ይትከሉት።»

«እኔ?»

«አንዲት ሣጥን ናት። እዚች ጋ። እኔ አለሁ።»

የወንበሩን እግር ነቅንቄ ተቀመጥሁ። እጄን ማውሱ ላይ አኖርሁ። ናትናኤል ከቀኜ፣ ኢክራም ከግራዬ፣ አቶ ግርማ ከኋላዬ፤ ማንም አይተነፍስም። ጫን አልሁት። በወይዘሮ ዘይነብ ደጃፍ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ በቀለች።

«አሁን እጅዎን ያንሡ» አለች ኢክራም።

አነሣሁ።